በገበሬ ስም በመንግሥት ትዕዛዝ የሚገደሉ የዱር እንስሳት፦ የከፈትኩት ክርና የመጡት መልሶች

ሰላም ሰላም። ባለፈው ሳምንት የከፈትኩት የውይይት ክር ሃያ ምናምን መልስ ደረሰና ብዙ ሰው ከመሃል እየገባ ምን እንደተባለ ስለጠፋበት ከላይ እስከ ታች በቁጥር እየጠራሁ በራሴ አፍ ልተርክላችሁ ነው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መክፈቻ ፖስት

ጥያቄዬ አጭር ነበረች። መንግሥት ለከብትና ለሰብል ብሎ የዱር እንስሳ በዘመቻ ሲያስገድል ገበሬው የተባለለትን ነገር በእርግጥ ያገኛል ወይ፣ ካላገኘስ ለምንድነው የሚቀጥለው።

ያነሳሳኝ አንድ ቪዲዮ ነው። ባጀር የምትባለውን እንስሳ የማታውቁ ካላችሁ እግሯ አጭር፣ ሰውነቷ ድብልብል ያለ፣ ነጭ ፊቷ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ያላት፣ ቀን ጉድጓዷ ውስጥ ተኝታ ማታ ማታ የመሬት ትል ፍለጋ የምትወጣ ናት። እንግሊዝ ውስጥ የላም ቲቢ ታስተላልፋለች ተብላ ከ2013 ጀምሮ በመንግሥት ፈቃድ ስትገደል ቆይታለች። አንዱ መንገድ የሽቦ ወጥመድ ነው፣ ለውዝ ይደረግላትና ማታ ስትገባ በሩ ይዘጋባታል፣ ሲነጋጋ ሰውየው መጥቶ እዛው ወጥመዱ ውስጥ እንዳለች ይተኩስባታል። ቪዲዮው ላይ ገና በደንብ አልነጋም። ወጥመዱ ውስጥ የነበረው ሳር በጥፍሯ ተቧጥጦ አልቆ አፈሩ ብቻ ቀርቷል፣ ለውዙ ግማሹ አልተነካም፣ እሷ አፍንጫዋን በሽቦው ቀዳዳ አውጥታ ነፋሱን ታሸታለች። ተኩሱ አይታይም። እኔ ግን ያንን የተቧጠጠ አፈር ከአይኔ ማውጣት አቃተኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትቆፍር እንዳደረች ይናገራል።

ከዛ ቁጥሩን ጻፍኩ። በ2024 ኦገስት ላይ አዲሱ የእንግሊዝ መንግሥት ግድያውን በፓርላማው ዘመን ማብቂያ ማለትም እስከ 2029 አቆማለሁ ሲል ራሱ ባወጣው መግለጫ በአስር ዓመት ውስጥ ከ230 ሺህ በላይ ባጀርና ከ278 ሺህ በላይ ከብት ተገድሏል። ሁለቱንም አብራችሁ እዩልኝ ነበር ያልኩት፣ ባጀሩም አለቀ ላሞቹም አልዳኑ።

መልስ 1

በጣም በጨዋ አነጋገር አመስግኖኝ የጀመረ ሰው ነው። እኔ ያነሳሁት አዲስ ነገር እንዳልሆነ ጠቅሶ ቻይና በ1958 ያወጀችውን የአራቱ ተባዮች ዘመቻ አስታወሰን፤ አይጥ፣ ዝንብ፣ ትንኝ እና ድንቢጥ። ድንቢጥ እህል ትበላለች ተብሎ ሕዝቡ ሁሉ ድስትና ከበሮ ይዞ ወጣ፣ ወፏ የምታርፍበት እስኪጠፋ እየጮኹ ደክሟት ከሰማይ እስክትወድቅ አሳደዷት። ወፏ ስትጠፋ ግን ስትበላው የነበረው ነፍሳት ሰብሉ ላይ ፈላ፣ በ1960 ድንቢጥ ከዝርዝሩ ወጥታ ትኋን ተተካች።

መልስ 2 እና 3

ቁጥር 2 አርማለች፣ እርማቱም ትክክል ነው ብዬ ተቀብያለሁ። ከ1959 እስከ 1961 የነበረውን ረሃብ በድንቢጥ ብቻ ማላከክ አይቻልም ነው የምትለው፣ ዋናው የገበሬው እህል በኮታ መወሰዱ፣ የጋራ እርሻው እና የምርት ሪፖርት በውሸት መነፋቱ ነበር። ድንቢጧ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነች እንጂ ብቻዋን ሕዝብ አላስራበችም። እኔም መክፈቻዬ ላይ ነገሩን ባላነሳውም ሰው ሲያነሳው እንደዛ አጋኖ ስለሚያወራው ጥሩ አደረገች።

ቁጥር 3 ደሞ ከነጭራሹ ወደ ሌላ ሄደ፣ ባጀር በአማርኛ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀና ፍልፈል ነው ብሎ ራሱ መለሰ። አይደለም። ፍልፈል ስር በልታ የምትኖር የአይጥ ወገን ናት፣ ባጀር ሥጋ በል ወገን ናት። ይሄ ጭቅጭቅ በየመሃሉ እስከ መልስ 9 ድረስ ተጎትቷል፣ እዚህ ላይ ልተወው።

መልስ 4

ቁም ነገሩን ይዞ የመጣው ይሄ ሰው ነው። በእንግሊዝ ከ1998 ጀምሮ የተሰራውን ትልቁን ሙከራ በትዕግሥት አስረዳን። አስር ቦታ ተመረጠ፣ እያንዳንዱ ቦታ መቶ መቶ ስኩዌር ኪሎሜትር በሆነ ሦስት መሬት ተከፈለ። አንዱ ላይ በየዓመቱ ባጀር በብዛት ተገደለ፣ ሁለተኛው ላይ ቲቢ በታየበት እርሻ አካባቢ ብቻ ተገደለ፣ ሦስተኛው ሳይነካ ተተወ። ወደ 11 ሺህ ባጀር አለቀ። ቲቢ በታየበት ብቻ ሲገድሉ የከብቱ በሽታ በመቀነስ ፈንታ ስለጨመረ ያንን ክፍል በ2003 አቋረጡት። በብዛት በተገደለበት መሬት ውስጥ በሽታው በ23 ከመቶ ገደማ ቀነሰ፣ ከድንበሩ ውጪ እስከ ሁለት ኪሎሜትር ባለው ዙሪያ ግን በ25 ከመቶ ገደማ ጨመረ።

ለምን እንደሆነ ያስረዳበት መንገድ ደስ ይላል። ባጀር በቤተሰብ ነው የምትኖረው፣ ግዛቷን በጠረን ምልክት አድርጋ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይነካካ ይኖራል። ግማሹ ቤተሰብ ሲገደል የተረፉት ባዶ ወደሆነው ግዛት ይገባሉ፣ ከማያውቁት ጋር ይናከሳሉ፣ ድሮ ደርሰውበት የማያውቁት ግጦሽ ድረስ ይሄዳሉ፣ በሽታውም አብሯቸው ይሄዳል። ማለትም ሰውየው መሬቱ ላይ ያለውን ባጀር አስገድሎ ጣጣውን ለጎረቤቱ ላከለት። በ2007 የሙከራው ሳይንቲስቶች የመጨረሻ ሪፖርታቸውን ሲያወጡ ባጀር መግደል በብሪታንያ የከብት ቲቢን ለመቆጣጠር ይሄ ነው የሚባል አስተዋጽኦ እንደማያደርግ ነው የደመደሙት። ከስድስት ዓመት በኋላ መንግሥት ግድያውን ጀመረ።

መልስ 5 እና 6

ቁጥር 5 በትህትና ነው የተቃወመው፣ እኔም ክሩ ውስጥ ከሚቃወሙኝ ሁሉ እሱን ነው ያከበርኩት። ቁጥር 4 የታሪኩን ግማሽ ብቻ እንደነገረን ጠቁሞ፣ ግድያው ካቆመ በኋላ በተደረገ ክትትል የድንበር ላይ ጭማሪው እየጠፋ የውስጡ ቅናሽ ግን ለተወሰኑ ዓመታት እንደቆየ አነሳ። ከዛ በ2024 የወጣውን የመንግሥት ሳይንቲስቶች ጥናት አመጣ፣ ግድያ በተካሄደባቸው 52 አካባቢዎች በአራተኛው ዓመት የከብት ቲቢ 56 ከመቶ ወርዷል።

ቁጥር 6 ወዲያው መለሰችለት፣ ትንሽ ቆጣ ብላ። በነዚያ 52 ቦታዎች ባጀር ብቻ አይደለም የተገደለው፣ በዛው ጊዜ የከብቱ ምርመራ ጠበቀ፣ የጥንቃቄ እርምጃም ተጨመረ፣ ሳይነካ የተተወ የማነጻጸሪያ መሬት ደሞ የለም። ስለዚህ 56ቱን ባጀር ነው ያመጣው ወይስ ምርመራው ብሎ መለየት አይቻልም፣ ጥናቱን የሰሩት ሰዎች ራሳቸው ይሄን ጽፈዋል። ቁጥር 5 ይሄን አመነ ግን ባይለይም መቀነሱ አይካድም ብሎ ቆመ። እኔ እዚህ ላይ የጨመርኩት አንድ ነገር ነው፣ መለየት ካልተቻለ ከሁለቱ መጀመር ያለበት ነፍስ የማያጠፋው ነው።

መልስ 7

አሁን ነገሩ ሞቀ። ይሄ ሰው በግና ጥቂት ላም ያረባል። በመጀመሪያው መስመር ነው የጀመረኝ፣ ከተማ ቁጭ ብዬ በስልክ ቪዲዮ እያየሁ ለባጀር የማለቅስ ሰው እንደሆንኩ፣ አንድ ሌሊት እሱ በረት መጥቼ እንዳድር ጋበዘኝ፣ ግብዣው የወዳጅ አይደለም። ከዛ ያየውን ጻፈ፣ እሱን ሳነብ ቁጣዬ በረደ። ሌሊት ቀበሮ በረቱን ጥሶ ገብቶ ጠዋት ሲደርስ ሰባት ጠቦት ሞቷል፣ የተበላው አንዱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ አንገታቸው ላይ ተነክሰው ተጥለዋል። እናትየዋ በግ ጉሮሮዋ ተገልጦ እስትንፋሷ በቀዳዳው እየተሰማ ቆማ ልጇን ትልሳለች። በእጁ ነው ያረዳት። ይሄን ያየ ሰው መንግሥት መጥቶ ቢገድልልኝ ቢል ጨካኝ እንዳይባል ነው የጠየቀው፣ ደሞም ከሱ በላይ እንስሳ የሚወድ ካለ በየሌሊቱ ተነስቶ የሚያዋልድ እሱ ነው።

እኔ መለስኩለት። ጨካኝ አላልኩህም፣ አላስበውምም፣ የኔ ጥያቄ አንተን አይደለም የሚከሰው፣ ባንተ ስም ቃል የገባልህን ነው። ያ ቃል ተፈጽሞልሃል ወይ አልኩት። ለጊዜው መልስ አልሰጠኝም።

መልስ 8፣ 9 እና 10

ቁጥር 8 ከገበሬው ጎን ቆሞ ግን ገበሬው ያላለውን ጨመረ፣ የእንስሳ ተከራካሪ የሚባለው ሁሉ ሰው ሲራብ ዝም ያለ ነው ምናምን፣ እኔን በስም ሰደበኝ። ቁጥር 9 ለኔ ብላ የባሰ ሰደበችው። ቁጥር 10 አድሚን ነው፣ ሁለት ኮሜንት አጥፍቶ አስጠንቅቆ ሄደ። ለኔ ብላችሁ ሰው አትሳደቡ፣ የምር ነው የምላችሁ፣ ገበሬውን ባስቀየምን ቁጥር እንስሳቱን ነው የምንጎዳው፣ ምክንያቱም መሬቱ ላይ ያለው እሱ ነው።

መልስ 11

ወደ ግሪሳ የወሰደን ይሄ ነው። ልጅ እያለ ማሽላ ሲደርስ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ይዞ ወፍ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ነው፣ ከጎህ እስከ ጀንበር መጥለቂያ፣ ትምህርት ቤት የለም፣ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮሃል። ግሪሳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፁ ነው አለ፣ እንደ ዝናብ። ከዛ ማሳው ላይ ጥላ ያጠላል። ሒሳቡንም ሰራልን፣ አንዷ ግሪሳ ሃያ ግራም አካባቢ ብትመዝን ነው፣ በቀን ወደ አስር ግራም እህል ትጨርሳለች፣ አንድ ሚሊዮን ሆና ስትመጣ በቀን አስር ቶን ማለት ነው፣ መንጋው ደሞ ከዛም ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቁጥር 7 የተናገረውን ስለሚረዳው ማንም በገበሬ እንዳይፈርድ አሳሰበን፣ ግን መርዙንም እንደማይወደው በመጨረሻ መስመር ላይ ጣል አድርጎ ሄደ።

መልስ 12

ያንን የመጨረሻ መስመር አንስቶ የጻፈው ሰው ግሪሳ በሚረጭ ቡድን ውስጥ ሁለት የመኸር ወቅት የሰራ ነው። የት እንደሆነና ለማን እንደሰራ አልጻፈም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ክሩ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት የሱን ነው።

የሚረጨው ወፎቹ ለማደር ተሰብስበው ሲገቡ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ነው። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ሸምበቆው ላይ ይመላለሳል፣ ኬሚካሉ ፌንቲዮን ይባላል፣ ነርቭ ነው የሚያጠቃው። የሱ ሥራ ጠዋት ገብቶ ምን ያህል እንደሞተ መገመት ነበር። እግር የምታሳርፍበት የለም ብሏል፣ ሸምበቆው ስር ተነጥፈዋል፣ ውሃው ላይ ያሉት አንዳንዶቹ ገና ክንፋቸውን ይመታሉ። እሱን ለወጠው ያለው ግን ግሪሳው አይደለም። ከሸምበቆው ወጣ ብሎ አንድ ንስር መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘ። ሲጠጋው አልበረረም፣ አልዞረበትም። አንገቱ ዝቅ ብሎ ከመንቆሩ ለሃጭ ይንጠባጠባል፣ ጥፍሩ ውስጥ ግማሽ የተበላች ግሪሳ እንደያዘ ነው። መርዙ የወፏ አካል ላይ ስለሚቀር የሚበላትም ይመረዛል። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ፣ ምንም ሊያደርግለት አልቻለም። በዚህ መሃል የሰፈሩ ልጆች ጆንያ ይዘው የሞተውን ወፍ ሊለቅሙ መጡ፣ ሊበሉት ነው፣ እየሮጠ ሲያባርራቸው በሌላ በኩል ሌሎች ይገባሉ። በሚቀጥለው ወቅት እዛው ሸምበቆ ላይ ያንኑ ያህል ግሪሳ ነበር።

መልስ 13 እና 14

ቁጥር 13 አጭርና ጠቃሚ ናት። ግሪሳ ዝናብ እየተከተለ አገር የሚያቋርጥ ወፍ ስለሆነ እዚህ የተገደለው ቦታ ከሌላ አካባቢ በመጣ መሞላቱ አይቀርም፣ ለዚህ ነው በየዓመቱ የሚረጨው። ታንዛኒያ ውስጥ ኮንዶአ በሚባለው አካባቢ ሰዎች ግሪሳን በመረብና በቅርጫት ወጥመድ በብዛት ይዘው ለምግብ እንደሚያውሉት ጠቀሰች፣ እሱም መግደል ነው ግን ንስሩንና ልጁን አይመርዝም። እኔ ለግሪሳም አዝናለሁ፣ ግን ከሁለቱ ምረጪ ብባል ምርጫዬ ግልጽ ነው።

ቁጥር 14 ሥጋ የሚበላ ሰው ስለ ባጀር ሊያወራ አይችልም ብሎ ሙግት ከፈተ። ከዛ በታች ስድስት ሰው ስለ ሥጋ ተጨቃጭቆ አድሚን ወደ ሌላ ክር አዛወራቸው። አልከተልኳቸውም።

መልስ 15

ሞሪሸስ ላይ የሆነውን ያመጣችው ቁጥር 15 ናት፣ ለኔ ከባጀሩም በላይ ጥያቄዬን የመለሰው ይሄ ነው። እዛ ፍራፍሬ የምትበላ ትልቅ የሌሊት ወፍ አለች፣ ማንጎና ሊቺ ታበላሻለች ተብላ ተከሰሰች። ዝርያዋ በሕግ የተጠበቀች ስለነበረች በ2015 ሕጉን ቀይረው በዛው ዓመትና በ2016 ከ38 ሺህ በላይ ገደሉ። ፍሬው ጨመረ ወይ? ከግድያው በኋላ ባሉት ወቅቶች የሊቺና የማንጎ ምርት ወረደ እንጂ አልወጣም፣ ይሄን እዛው አገር ያሉ ተመራማሪዎች የመንግሥትን የምርት ቁጥር ይዘው ነው ያሳዩት። ወፏ ግን በ2018 በዓለም አቀፉ ዝርዝር ላይ ለመጥፋት ወደተቃረቡት ምድብ ገባች። ፍሬውን የሚያበላሹ ሌሎች ወፎችም ነበሩ፣ ነፋስም ነበር፣ ጥፋቱ ሁሉ ግን ለሷ ተሰጠ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ይሏታል የሚባለው ትዝ አለኝ። የሚሰራው ደሞ ይታወቃል፣ ዛፉን እየገረዙ አጭር ማድረግና መረብ ማልበስ። ብዙ አድካሚ ነው፣ ዛፍ በዛፍ ነው፣ መንግሥት ለመረብ ድጎማ ይሰጥም ነበር። ያው መረብ ማልበስ ጊዜ ይወስዳል ተኩስ ደሞ በዜና ቶሎ ይታያል።

መልስ 16፣ 17 እና 18

ቁጥር 16 ስለ አሜሪካ ኮዮቴ ጻፈ፣ ቀበሮ የሚመስል የዱር አውሬ ነው። የፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት በ2018 ብቻ ከ68 ሺህ በላይ ኮዮቴ ገድሏል፣ ይሄ ዘመቻ ደሞ መቶ ዓመት ያለፈው ነው። ኮዮቴ በዚህ ሁሉ መሃል ከምዕራቡ ሜዳ ተነስቶ አሁን ከሃዋይ በቀር በሁሉም ስቴት ይኖራል። ሲገደል መንጋው ይበተናል፣ ያልወለዱት መውለድ ይጀምራሉ፣ የተረፉት ቡችላዎች ብዙ ምግብ አግኝተው ያድጋሉ። የተበተነ መንጋ ደሞ በግ ጋር መሄዱ አይቀርም።

ቁጥር 17 ኮዮቴ ስለሚገደልበት አንድ ወጥመድ ነው የጻፈው፣ መሬት ላይ የሚተከል ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚተፋ ነገር ነበር፣ በ2017 አይዳሆ ውስጥ አንድ ልጅ ከውሻው ጋር ሲሄድ የውሃ ቧንቧ መስሎት ነካው፣ ልጁ ተረፈ ውሻው እዛው አጠገቡ ሞተ። ይሄን ካነበበ በኋላ ሰው ሁሉ ስለ ውሻው አወራ፣ ያዘነ ብዙ ነው፣ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፣ በዛው ወጥመድ በየዓመቱ ይሞት የነበረውን ኮዮቴ ማንም አላነሳም።

ቁጥር 18 በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ ይኖር የነበረውን ታይላሲን የሚባል ውሻ መሰል አውሬ አስታወሰ። በግ ይበላል ተብሎ ከ1888 እስከ 1909 መንግሥት በራስ አንድ ፓውንድ እየከፈለ ከሁለት ሺህ በላይ አስገደለ፣ በሕግ ይጠበቅ ሲባል የመጨረሻው ታስሮ የነበረው ሊሞት 59 ቀን ነበር የቀረው፣ 1936። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልፈልግም፣ ሕጉ በደረሰ ጊዜ የሚጠብቀው እንስሳ አልነበረም።

መልስ 19

እዚህ ላይ ዕድሜያቸው የገፋ የእንስሳት ሐኪም ገቡ፣ ከዛ በኋላ ሁሉም ዶክተር እያለ ነው የሚጠራቸው። ክሩን ሙሉውን አንብበው እንደመጡ ያስታውቃል፣ ቁጥር 4ንም ቁጥር 7ንም ጠቅሰዋል።

መጀመሪያ ስለ ገንዲ ጻፉ፣ ዝንብ የምታስተላልፈው የከብት በሽታ ነው። ባለፈው ሳይሆን ከዛ በፊት በነበረው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ አፍሪካ ገብቶ ከብቱንም የዱር እንስሳውንም ሲጨርስ በደቡብ በኩል የገንዲ ዝንብ አብራ ጠፋች፣ የምትመጠው ደም ስላጣች። ይሄን ያዩ የቅኝ ግዛት መንግሥታት እንግዲህ አውሬውን ብንጨርስ ዝንቧ ትጠፋለች ብለው ተነሱ። ደቡብ ሮዴዥያ ማለትም የዛሬዋ ዚምባብዌ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የዱር እንስሳ ተገደለ፣ ደቡብ አፍሪካ ባለው ዙሉላንድም በ1940ዎቹ ከመቶ ሺህ በላይ። ዙሉላንድ ላይ ዝንቧን በመጨረሻ ያጠፋት ግን መድኃኒት ርጭት ነው፣ ያ ሁሉ ሚዳቋና የሜዳ አህያ ካለቀ በኋላ። ዛሬ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ መድኃኒት ተነክሮ የከብት ጠረን ተደርጎበት ይተከላል፣ ዝንቧ ራሷ መጥታ ታርፍበታለች። ዛንዚባር ደሞ የመከኑ ወንድ ዝንቦች በብዛት ተለቀው በ1997 ነጻ ወጣች። አንድም ሚዳቋ አልሞተም።

ከዛ ወደ ደስታ በሽታ ተመለሱ፣ እኔ ቁጭ ብዬ የነበርኩት ተነስቼ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ታንዛኒያ ባለው ሴሬንጌቲ ፓርክ ውስጥ ዊልደቢስት የሚባለው የሜዳ እንስሳ ይሄን በሽታ ይይዘው ነበር፣ ጥጃው በየዓመቱ ይረግፋል፣ በዙሪያው ላሉ አርቢዎች ደሞ በሽታውን የሚያከርመው አውሬው ይመስላቸው ነበር። አውሬውን መከተብ አይቻልም። ከብቱን ከተቡ። በፓርኩ ዙሪያ ያለው ከብት ሲከተብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሽታው ከዊልደቢስቱም ጠፋ፣ ማንም ሳይነካው። ማለት ምንጩ ከብቱ ነበር፣ አውሬው ነበር ከከብት የሚይዘው። ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበረው መንጋ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ በላይ ደረሰ። በ2011 ደስታ በሽታ ከዓለም እንደጠፋ ታወጀ፣ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። እሳቸው በወጣትነታቸው ከዚህ ዘመቻ ጋር መርፌ ይዘው በእግር ሲዞሩ ነበር፣ በቀን ስንት በረት፣ ላሟን ቀንዷን የሚይዘው ባለቤቷ ነው። አርቢው ካልያዘልህ ምንም አትሰራም ነው የሚሉት። ከገበሬው ጋር ተጣልተን ሳይሆን አብረነው ላም ይዘን ነው ዊልደቢስቱን ያዳንነው ማለታቸው ነው፣ ይሄን ካነበብኩ በኋላ መክፈቻ ፖስቴን ሄጄ ገበሬ የሚለው ቃል ያለበትን ቦታ ሁሉ እንደገና አየሁት።

መልስ 20

ቁጥር 5 ተመልሶ መጣ፣ አሁንም በጨዋነት። ደስታ በሽታ በጣም ጥሩ ክትባት ነበረው፣ ቲቢ እንደዛ አይደለም፣ ለከብት የሚሰጠው ክትባት በቆዳ የሚደረገውን ምርመራ ያሳስተዋል፣ የተከተበችው ላም የታመመች ትመስላለች። ዶክተሩ ልክ ነህ አሉት። ሁለቱን የሚለይ አዲስ ምርመራ ከክትባቱ ጋር በእንግሊዝና ዌልስ ከ2021 ጀምሮ እርሻ ላይ እየተሞከረ እንደሆነ ነገሩት፣ ባጀርንም ይዞ ከትቦ መልቀቅ እንደሚቻልና እንደሚደረግም። አንድ ነገር ጨመሩ፣ በ2001 እንግሊዝ ውስጥ አፍተግር ሲገባ የቲቢ ምርመራ ተቋርጦ ነበር፣ ከዛ ባዶ የቀሩት እርሻዎች ከሌላ ቦታ ከብት ገዝተው ሲሞሉ ቲቢ ድሮ ያልነበረበት አገር ድረስ በመኪና ሄደ። ባጀር መኪና አትጫንም ብለው አልፃፉም፣ ግን እንደዛ ነው የገባኝ።

መልስ 21 እስከ 23

ቁጥር 7 ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም እኔም አልጠበቅኩም። ለጥያቄዬ ግን መለሰልኝ። ከመንግሥት የተላኩ ሰዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ቀበሮ ገድለውለታል፣ በሁለተኛው ዓመት ስድስት በግ ጠፋበት፣ በሦስተኛው ዘጠኝ። ሌላ ምን እንዳደርግ ትፈልጊያለሽ ነው የጠየቀኝ፣ አሁን ግን የሚያስቆጣ ነገር አልነበረበትም፣ የምር ነው የጠየቀው።

ቁጥር 22 ናሚቢያ ውስጥ አቦሸማኔን ለመታደግ ከ1994 ጀምሮ ለአርቢዎች የሚሰጡትን ትልልቅ የጠባቂ ውሻ አነሳች። የአደን ውሻ አይደለም፣ አያባርርም፣ ከበጉ መሃል ሆኖ ቆሞ ይጮሃል፣ አውሬው ሌላ ቦታ ይሄዳል። ቡችላው ከስምንት ሳምንት ጀምሮ ከበጎቹ ጋር በረት ውስጥ ማደር አለበት፣ ሰው ቤት ካደገ ሰው ነው የሚጠብቀው። ሌሊት በጉን ጠንካራ በረት ማስገባትና ወሊድ ላይ ያሉትን ለይቶ ማቅረብም አለ፣ ይሄን እሱ ከኛ በላይ ያውቃል።

ቁጥር 23 ራሱ ቁጥር 7 ነው። ቡችላው ጠቦት ይዞ ቢጫወት፣ ጆሮ ቢነክስ ምን ይደረጋል፣ የሚያጠባ በግ ብትወጋውስ። ዶክተሩ መለሱለት፣ መጀመሪያ ውሻ ከማትፈራ ከሁለት ሦስት ትልልቅ በጎች ጋር ብቻ አድርገው፣ እነሱ ራሳቸው ልክ ያስገቡታል፣ ከጠቦት ጋር ብቻውን እንዳትተወው ቢያንስ አንድ ዓመት እስኪሞላው። ሴት ቡችላ ትሻላለች ወይስ ወንድ ብሎ ጠይቋል፣ እስካሁን ማንም አልመለሰለትም። የምታውቁ ካላችሁ ገብታችሁ ጻፉለት፣ በጎቹ ሊወልዱ ሁለት ወር ነው የቀራቸው።